የመስመር ሰባት ጨው

ዓርብ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. የተጀመረው የመስክ ቅጽ አርባ ስምንት ረድፍ አለው። የተሞላው አሥራ አንዱ ብቻ ነው። ከሥሩ በአምባዬ ዘገዬ የእጅ ጽሑፍ «ዝናብ። ሰኞ ይቀጥላል» ይላል። አዳማ ያለው የእንፋሎት ኃይል ፍለጋ መሥሪያ ቤት መዝገብ ያዥ እንደመሆኔ ያልተሟላ ቅጽ ፋይል ውስጥ አላስገባም። ይህን አስገብቼዋለሁ።

አምባዬ ሃያ ሁለት ዓመት ችካል መታ። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። የብረት ችካሎች በመስመር ይተከላሉ፤ በሁለቱ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይለቀቃል፤ መሬቱ ምን ያህል እንዳገደው በሌሎች ሁለት ይለካል። ደረቅ አለት ያግዳል፤ ትኩስ ውሃ የያዘ ስንጥቅ ያሳልፋል። ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚሆነው የእንፋሎት ጉድጓድ የሚቆፈረው ስንጥቁ ባለበት ነው።

በመጋቢት ከመቂ ወጣ ብሎ መስመር ሰባት ተዘረጋ። ቦታው የአቶ ጉቱ የከብት ግጦሽ ነው። ጉቱ በመሬታቸው እንድናልፍ ሲፈቅዱ ምንም አልጠየቁም። አምባዬ በሰው መሬት ባዶ እጁን መግባት ነውር ሆኖበት ግማሽ ኩንታል ጨው ገዛና ከብቶቹ እንዲልሱት ከሃያኛው እስከ ሃያ ስድስተኛው ችካል ድረስ በተነው። የዚያን ዕለት ዘነበ፤ ጨዉ ሟሙቶ ሰረገ። ጨዋማ እርጥብ አፈርም ኤሌክትሪክ ያሳልፋልና በማግስቱ ሲለካ ኤሌክትሪኩ እዚያ ላይ እንደ ልቡ አለፈ።

የቡድኑ መሪ ኢንጂነር ሞቲ ውጤቱን አይቶ ስንጥቅ ነው ብሎ ፈረመ። ጉድጓዱ እዚያ እንዲቆፈር፣ ግጦሹም እንዲታጠር ተወሰነ።

አምባዬ ካርታውን ያየው በሚያዝያ ነው። ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ጠቅሶ መስመሩ እንደገና እንዲለካ ሦስት ጊዜ ጻፈ። የሦስቱም ደብዳቤዎች ገቢ ቁጥር አለኝ፤ ወጪ መልስ የለም። አራተኛውን ይዞ ሞቲ ቢሮ ሲገባ እኔ ሰነድ ላስፈርም ቆሜ ነበር።

«ጋሽ አምባዬ፣ እርስዎ ችካልዎን ይምቱ፤ ስንጥቁን ለእኛ ይተዉልን» አለ ሞቲ።

«ያየኸው ስንጥቅ አይደለም፣ ልጄ። የእኔ ጨው ነው።»

«እሱንማ ከብቶቹ ልሰው ጨርሰውታል።»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። አምባዬ ሳቁ እስኪያባራ ጠበቀ።

«ልሰው በጨረሱት ጥሩ ነበር። አሁን ግን በእኔ ጨው ሰበብ ግጦሻቸው ሊሄድ ነው።»

ሞቲ መኪናም ነዳጅም የለም አለ። በመጨረሻ፣ ዓርብ ወደ መቂ የሚሄድ መኪና ስላለ ከፈለጉ ይሳፈሩ ብሎ ተገላገለው።

አምባዬ ሄደ። ከጨዉ መቶ ሜትር ርቆ፣ ከድሮው መስመር ትይዩ፣ ጉቱ ችካል እያቀበሉት መለካት ጀመረ። እውነተኛ ስንጥቅ ከሆነ እዚያም ይገኛል፤ ከሌለ ግጦሹ ይተርፋል። አሥራ አንደኛው ላይ ዝናብ አቋረጠው። ጨው ከተበተነበት ትይዩ አልደረሰም። ከአሥራ አንድ ረድፍ ምንም ማለት አይቻልም፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

እሑድ ማለዳ ልቡ ቆመ። ሰኞ ቀበርነው። ሞቲ ያልተሟላ ቅጽ ማስረጃ አይሆንም አለኝ። ትክክል ነው፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ጉቱ ማን እንደሚቀጥለው ሊጠይቁኝ ሁለት ጊዜ ደወሉ።

በሞተ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ አምባዬ ለሰኞው ሥራ የመለኪያውን ባትሪ በባጃጅ ጭኖ አዳማ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው የመሐመድዘይን ባትሪ መሙያ ሱቅ ወስዶ ነበር። በጥድፊያ የተሞላ ባትሪ ሜዳ ላይ ይከዳል ብሎ ቀስ ተብሎ እንዲሞላ አዘዘ፤ እስከ አሥር ሰዓትም በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ከዚያ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት መልሶ በገቢ መዝገቡ ላይ «ባትሪ፣ አንድ፣ ሙሉ» ብሎ ጻፈና ፈረመ።