አንዲቷ የሽመልስ ማይነር

ያን ዓመት ጥር የገባው በሠርግ ነው። ሐረር ላይ ዳስ ያልተጣለበት ሰፈር አልነበረም፤ ቀኑ ደረቅ፣ ማታው ቀዝቃዛ፣ የሰው ሁሉ ጉሮሮ በአቧራና በእልልታ የሻከረ። ወይ ያ ጊዜ! ሰውነት ራሱ ቅልል ይል ነበር። ሽመልስም ኦርጋኑን ከሸዋ በር በባጃጅ እያስጫነ ከዳስ ዳስ ሲዞር ከረመ።

ሠላሳ ዓመት የሙሽራ እናቶችን ያስለቀሰ እጅ ነበረው። ምስጢሩን ግን ሚስቱ ጽጌ እንኳ አታውቅም፤ ማይነር ከሚባሉት ሆድ አስባሽ ስልቶች ሽመልስ በዕድሜው የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። ነጮቹን ቁልፎች ብቻ እየነካ ላ ከምትባለው ድምፅ ተነስቶ እንደገና ላ ይደርሳል። የዘፋኙ ድምፅ ከወፈረ ወይ ከቀጠነ፣ ትራንስፖዝ የሚሏትን መጫኛ ጫን ያደርጋታል፤ ማሽኑ ራሱ ዜማውን ወደ ሬም ወደ ሶልም ያዛውርለታል። ጣቶቹ ከሰፈራቸው ንቅንቅ አይሉም።

የካቲት ላይ አንድ የሙዚቃ ጓድ ቋሚ ተጫዋች ሊቀጥር ፈተና አወጣ። ሽመልስ ሃምሳ አራት ደርሷል፤ የወር ደመወዝ ቀምሶ አያውቅም። ጾም ሲገባ ሠርግ የለ፣ ክረምት ሲገባ ሠርግ የለ።

«ይህችን ካላገኘህ ሌላ አትመጣም» አለችው ጽጌ።

ፈታኙ ያረጀ ፒያኖ ፊት አስቀምጦ «ሬ ማይነር ይጫወቱልን» አለው። ሽመልስ የፒያኖውን ግራና ቀኝ ዳበሰ፤ ጎንበስ ብሎ ከሥሩም አየ።

«ምን ጠፋብዎት?»

«ትራንስፖዙ ወዴት ነው ጌታዬ?»

ሳቁ እስከ ግቢው በር ተሰማ። ብቻ አላባረሩትም፤ በሁለት ሳምንት ይመለሱ አሉት።

ጽጌ ስትሰማ አፏን ያዘች። «ታዲያ ሠላሳ ዓመት ሕዝቡን ያስለቀስከው በምንድን ነው?»

«በላ።»

«በላ ብቻ?»

ጀጎል ውስጥ ሂክማ የምትባል፣ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምራ የመጣች ልጅ ነበረች። እሷ ዘንድ ሊማር ሲሄድ መጀመሪያ ያደረገችው የኦርጋኑን ትራንስፖዝ በፕላስተር መለጠፍ ነው።

«ጋሼ ሽመልስ፣ በሸዋ በር ቢገቡም በኤረር በር ቢገቡም ከተማው ያው አይደል? እነዚያኑ ነጮች ከዶ ሲጀምሯቸው ደስ የሚያሰኘው ሜጀር፣ ከላ ሲጀምሯቸው ማይነር ናቸው። ስሜቱን የሚለውጠው የገቡበት በር ነው። ከሬ ሲነሱ ግን ከቁልፍ ቁልፍ የሚሄዱበትን የላን እርምጃ ይጠብቁ፤ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሙሉ፣ ሙሉ። ስለዚህ ሲን ትተው ከሥሯ ያለችውን ጥቁር ይነካሉ።»

«እንዲህ ያዋረደችኝ አንዲት ጥቁር ናት?»

«ወላሂ፣ አንዲት ናት!»

እሱም እርምጃውን በእግሩ ያጠና ጀመር። ጊደር መጋላ ገበያ መሐል አንድ ረዥም፣ አንድ አጭር፣ ሁለት ረዥም እየረገጠ ሲያልፍ በርበሬ ሻጯ ዘሀራ «ኧረ ጋሼ፣ እግርዎን ምን ነካው?» ብላ ጮኸች።

«ማይነር!» አላት።

«አላህ ያሽርዎ!»

በሁለተኛው ፈተና ከየቁልፉ የሚነሱትን አሥራ ሁለቱንም ማይነሮች አንድ ሳይስት ተጫወታቸው። ተቀጠረ። ጽጌም እልል አለች።

የጓዱ ሥራ ግን ምረቃ ነው፤ መንገድ ሲመረቅ፣ ድልድይ ሲመረቅ። ኃላፊው ገና በመጀመሪያው ቀን «ማይነር የሚባል እንዳልሰማ፤ እንግዶቹን ሆድ ያስብሳቸዋል» አለው። ዓመት እስከ ዓመት ዶ ሜጀር ሆነ። ሂክማ ስታገኘው «አሥራ ሁለቱስ?» ትለዋለች፤ «ደኅና ናቸው፣ ደመወዛቸውን ይበላሉ» ይላታል።

በመጨረሻ የታየው ባለፈው ግንቦት ባቢሌ ላይ ነው፤ የውሃ ቦኖ ሲመረቅ ከጓዱ ኋላ፣ ኦርጋኑ ፊት ቆሞ ያችኑ ዶ ሜጀር ይጫወት ነበር።