የጄሪካኑ ምት

መርሳ ከተማ ላይ የታሰርነው ድሮ ብርቱካን ይከማችበት በነበረ መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት የበሰበሰ ብርቱካን ሽታ ተቀበለኝ፤ ቀጥሎ የትምህርት ቤታችን የሙዚቃ መምህር ሳቅ። «ፊዚክስም መጣ!» አለ። ጊዜው የጦርነት ነው፤ ሁለታችንንም «መረጃ ታቀብላላችሁ» ብለው ነው የያዙን።

አብረውን ከታሰሩት ብዙ ሰዎች መሀል አንድ የግራና ከተማ አዛውንት ነበሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ይንተባተባሉ። ኬላ ላይ ጠባቂዎቹ «ወዴት ነው?» ሲሏቸው መልሱ አልወጣ ስላላቸው የሚደብቁት ነገር ያለ መስሏቸው አመጧቸው። በመጀመሪያው ምርመራም ያው ሆነ። «ነገ አጥርተህ ካልተናገርክ ሩቅ ትላካለህ» ተባሉ።

የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ማስረዳት ሙያዬ ነውና ቀድሜ ገባሁበት። የሚመልሱትን ከፋፍዬ፣ በቅደም ተከተል አስጠናኋቸው። «ገ... ገ...» እያሉ ላብ አጠመቃቸው እንጂ ከዚያ አላለፉም።

የሙዚቃው መምህር ጠጋ ብሎ «አባባ፣ መንዙማ ይቀበላሉ?» አላቸው።

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«እንግዲያው እንደሱ አድርገው ይንገሩኝ» ብሎ ባዶውን የውሃ ጄሪካን በእጁ ይመታ ጀመር። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ከግራና ወጣሁ፣ ገበያ ልወርድ፣ በሬዬን ልሸጥ፣ ልጄን ልድር» አሉ። አንድ ቃል አልተሰናከለባቸውም።

ያ ሁሉ እስረኛ ከበበው። እኔ በቅናት ጥግ ላይ ቀረሁ። መምህራን ክፍል የሱን ክፍለ ጊዜ «እረፍት» እያልን እንቀልድበት ነበር። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ደግሞ ሙዚቃ የሚባል ጭራሽ አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ጣቶቼን ሳይ አደርኩ፤ ከጠመኔ ሌላ የሚያውቁት ነገር የለም።

ጠዋት እሱን እንጨት ሊያሸክሙት ወሰዱት። ወዲያው ሽማግሌው ተጠሩ። ሲወጡ ዞር ብለው ጄሪካኑን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

መርማሪው የተቀመጠው ደጃፉ ላይ፣ ማንጎው ሥር ነው። በበሩ ስንጥቅ አየዋለሁ።

«ወዴት ነበር የምትሄደው?»

«ገ... ገ...»

ጄሪካኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መታሁ። መጀመሪያ ቀደምኩ፣ ከዚያ ዘገየሁ።

«ማነው እሱ? አቁም!» ጠባቂው በሩን በሰደፍ ደበደበው። እኔ ግን አላቆምኩም። ሽማግሌው ከተንጋደደው ምቴ ጋር ቃላቸውን እያስታረቁ፣ በሬውንም ሠርጉንም እስከ መጨረሻው ተናገሩ።

በዚያው ቀን ለቀቋቸው። ጋቢያቸውን ሊወስዱ ገብተው «አብሽር መምህር» አሉኝ። ጋቢውን ግን አጥፈው በሙዚቃው መምህር መኝታ ላይ አኖሩለት። በጋቢውም ቀናሁ።

ሁለታችንም ተፈተን ትምህርት ቤት ከተመለስን በኋላ፣ ዘንድሮ ርዕሰ መምህራችን የሙዚቃውን ክፍለ ጊዜ ለፊዚክስ ማጠናከሪያ ሊሰጠኝ ነበር። እንቢ አልኩ። በዚያች ሰዓት ሄጄ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። ልጆቹ ምቱን አንዴ ሰምተው ይይዙታል። እኔ እስካሁን እዘገያለሁ። እቀናባቸዋለሁ።