የሚያለቅሰው የኋላ ክንድ

አጥባቂው ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ ዛሬ ግን ያንን ስም ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም። አንድ የቡሎን ዳዶ አጥብቆ ይነሳል፣ እጁን ይታጠባል፣ ተመልሶ ያንኑ ዳዶ ይነካል። ቤቱ ደርሶ ጫማውን ሊያወልቅ ሲል ትዝ ይለውና ጋራዡ ድረስ ይመለሳል። የጎረቤት ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ሊቀመጡበት ከነበረው ሶፋ ሥር ገብቶ ቡሎን ሲያጠብቅ ተገኝቷል፤ ሙሽራዋ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው። ሚስቱም ሰው በተሰበሰበበት፣ ቀለበት ሲያጠልቅላት እንኳ እንዳይላላ ግራና ቀኝ አዙሮ ሞክሮታል እያለች ታስቅበታለች። ሰው ይስቃል፣ እሱም ይስቃል። ነገሩ ከየት እንደመጣበት የሚያውቁት ግን ሳቃቸውን ቶሎ ይሰበስባሉ።

ሥራው ሌላው ሜካኒክ የተወው ሥራ ነው። የጥንት መኪና ሾክ አብዞርበር እንደ ዛሬው ዘይት የሞላበት ቱቦ አይደለም። ሁለት የብረት ክንዶች እንደ መቀስ ይገናኛሉ፤ አንደኛው የመኪናውን አካል በተሸከመው ሻንሲ ላይ፣ ሌላኛው ጎማ የተሸከመው አክሰል ላይ ይታሰራል። መገናኛቸው ላይ፣ በብረቶቹ መሃል፣ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ደረቅ ቆዳ ይገባል፤ ሁሉንም አንድ ቡሎን ይወጋቸዋል፣ አንድ ዳዶ አፍኖ ይይዛቸዋል። መኪናው ሲዘል ክንዶቹ ቆዳውን ያሹታል፣ ዝላዩም እዚያው ያልቃል። በጣም ካጠበቁት መኪናው ጣውላ ይሆናል፤ ከላላ ፍየል።

አጥባቂው ልኩን የሚያውቀው በባልዲ ነው። አንዱን ክንድ ብረት አፍኖ በሚይዘው ሞርሳ ላይ ያስርና በሌላው ጫፍ ባልዲ ያንጠለጥላል፤ ከዚያ ውሃ በጣሳ እየቀዳ ይጨምራል። ክንዱ ቀስ ብሎ መውረድ የሚጀምረው በስንተኛው ጣሳ እንደሆነ ይቆጥራል። ቀኙ አሥራ አንድ ጣሳ ከቻለ ግራውም አሥራ አንድ መቻል አለበት፤ አሥር ጣሳ ተኩል ቢሉት አይሰማም። የአሮጌ መኪና ወዳጆች ከሩቅ ከተማ ሳይቀር በካርቶን ጠቅልለው ይልኩለታል፤ እሱም ዝገቱን ፍቆ፣ አዲስ ቆዳ ቆርጦ፣ ባልዲውን ሰቅሎ ይመልስላቸዋል።

ነገሩ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነው። ታላቅ ወንድሙ ያኔ አንዲት አናቷ ክፍት የሆነ አሮጌ መኪና ነበረችው፤ ከሚስቱ ቀጥሎ የሚወዳት። ሚስቱ ቅደም ተከተሉን ትጠራጠር ነበር። የኋላዎቹን ሾክ አብዞርበሮች ቆዳ የቀየረውና ያሰረው ታናሽየው ነው። በስምንተኛው ቀን ወንድምየው ከድልድዩ በላይ ባለው ጠመዝማዛ ሲወርድ የመኪናዋ ቂጥ ዘለለ፣ ደግሞ ዘለለ፣ ከመንገድ ወጥታ ግንብ መታች። መኪናዋ አንድ መብራትና አንድ ፓራፋንጎ ነው የተጎዳባት። እሱን መሪው ደረቱን መታው።

ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ፣ እናታቸው ቀና ብላ ታናሹን አየችው።

«አንተ አይደለህ ያሰርከው?»

ሌላ አልጨመረችም፤ እስክትሞትም አልደገመችውም። መድገሙን እሱ ተቀበላት። የመጨረሻዋን ዙር አዙሬያታለሁ ወይስ ምሳ ሲጠሩኝ ትቻት ሄጃለሁ? በልቶም ተኝቶም ይህንኑ ይጠይቃል። በዓለም ላይ ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ያ ነው፤ ለማወቅ የሚፈራውም ያንኑ ነው። መልሱ ደግሞ ከቤቱ ሦስት መንገድ ብቻ ርቆ፣ በወንድሙ ሚስት ግቢ፣ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል። እሷ ልብስ ሰፊ ናት። መኪናዋን ከቀብሩ ማግስት አስገብታ ቆለፈች፣ ቁልፉንም ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም።

ሰፈሩ እንግዲህ ዝም አይልም። እኩለ ቀን ላይ፣ ንፋስ በሌለበት፣ መኪናዋ ታለቅሳለች ተባለ። አጥሩ ላይ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤት ሟቹ መሪውን ሲያዞር ነው ብላ ማለች። ዳቦ ሻጩ ድመት ናት አለ። በዚህ ጉዳይ ሁለቱ ለሦስት ወር ሰላምታ አልተለዋወጡም፤ እሷም ለሦስት ወር ከሌላ ሱቅ ደረቅ ዳቦ በላች።

ዘንድሮ አንድ ቀን የወንድሙ ልጅ ጋራዡ መጣች፤ አባቷ ሲሞት ገና ሆድ ውስጥ የነበረችው።

«አጎቴ፣ የመጋዘኑ ጣሪያ ሊወድቅ ነው። እማዬ መኪናዋን ወይ ይሥራት ወይ ይውሰዳት ብላለች።»

«እኔን ነው ያለችው?»

«ስምህን አልጠራችም። ግን ሌላ ማንን ትላለች?»

ባልዲውንና ሞርሳውን ጋሪ ላይ ጭኖ ሄደ። እትዬ የሚላት የወንድሙ ሚስት በር ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፣ አንገቷ ላይ ሜትር ተጠምጥሟል። ትናንት የተለያዩ ይመስል ግባ አለችው፣ ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጠችና ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። የስፌቱ ድምፅ ግን አልተሰማም። ቁጭ ብቻ ነው ያለችው።

መጋዘኑ ውስጥ አሮጌዋ መኪና ጡብ ላይ ቆማለች፤ እትዬ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋችላትን ልብስ ለብሳ። ገለጠው። አቧራው በየስንጥቁ ገብቶ በሁሉም ቦታ ጣት ያሰጥማል። መሪው ላይ ብቻ ሁለት ቦታ ንጹሕ ነው፣ የሁለት መዳፍ ያህል። እትዬ እየገባች ትቀመጥ ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና። ከዚያ የራሱን መዳፍ አስጠግቶ ለካው። ንጹሑ ቦታ ከእሱም እጅ ይሰፋል፤ እትዬ ደግሞ እጇ የልጅ እጅ ነው። ወንድሙ በቤተሰቡ የሚታወቀው በአካፋ መዳፉ ነበር።

እዚያው እንደቆመ ሰማው። ከኋላ፣ ከግራው ጎማ በኩል፣ ቆዳ በብረት ሲታሽ የሚያወጣት ቀጭን፣ ተጎታች ድምፅ። አንድ ጊዜ ብቻ። ጡቡ አልተነቃነቀም፣ ቆርቆሮው አልተንኳኳም። መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሰው ሲፈራ ወይ ይሮጣል ወይ ሥራ ይጀምራል። እሱ የዳዶ መፍቻውን አወጣ። መጀመሪያ የቀኙን ፈትቶ ሞርሳ ላይ አሰረና ባልዲውን ሰቀለ፤ አሥራ አንድ ጣሳ። ከዚያ በግራው ሥር ተጋደመና ዳዶውን በጨርቅ ጠረገ።

በዚያ ዘመን ያሰረውን ዳዶ ምልክት ያደርግበት ነበር፤ ከዳዶው እስከ ቡሎኑ አናት አንዲት ቀጭን መስመር፣ ከእትዬ በተለመነ ቀይ የጥፍር ቀለም። ዳዶው የፀጉር ያህል ቢዞር መስመሯ ትቆረጣለች። ጭቃው ሲለቅ ቀዩ ብቅ አለ። መስመሯ ሙሉ ናት። አልተቆረጠችም፣ አልተጣመመችም። አጥብቆ ነበር። በጀርባው እንደተጋደመ ሳቀ፤ ሳቁ ለራሱም የሌላ ሰው ሳቅ መሰለው።

ግራውን ፈታ፣ ሞርሳ ላይ አሰረ፣ ባዶ ባልዲ ሰቀለ። ክንዱ ወረደ። አንድ ጠብታ ውሃ ሳይገባበት፣ ዝም ብሎ፣ እንደደከመው ሰው እጅ ወረደ።

ሲከፍተው ቆዳው ጠቁሯል፣ ያብለጨልጫል፣ ጣቱ ላይ ይንሸራተታል። አሸተተው። የስፌት መኪና ዘይት ነው። ላጤ ሳለ ምሳውን የሚበላው እዚህ ቤት ስለነበረ ሽታውን ከወጡ ሽታ ጋር ነው የሚያውቀው። አዲስ ቆዳ ለጥቂት ሳምንት ያለቅሳል፤ ወንድሙም ሚስቱ ሰፈር ሳቀብን እያለች እንደምትነዘንዘው ነግሮት ነበር። እትዬ የሚንጫጫውን ሁሉ፣ በርም ይሁን አልጋ፣ በጠብታ ነው የምታስታግሰው። ዘይት ደግሞ ከዚህ ቆዳ ጋር ከተገናኘ ልቅሶውንም ይወስዳል፣ መያዙንም ይወስዳል።

ልቅሶውን ከወሰደ ቅድም ያለቀሰው ምንድን ነው? ያ ጥያቄ እንዳይመጣበት ፊቱን አዞረ።

እትዬ በሩ ላይ ቆማለች።

«ምን አገኘህ?»

የተሸከመውን ለማውረድ አንድ ቃል ይበቃው ነበር። የሚወርደው ግን እሷ ላይ ነው።

«ዳዶው ላልቶ ነበር፣ እትዬ። የእኔ ጥፋት ነው።»

«ዘይትስ?» አለች።

«የምን ዘይት?»

«ጣትህን እያየሁት ነው።»

እጁን ከኋላው ደበቀ፤ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው።

«ሦስት ጠብታ ነው ያደረግኩት» አለች። «ጠዋት ሲወጣ መኪናዋ ድምፅ አላሰማችም። ደስ ብሎት ዞሮ እጁን አወዛወዘልኝ። ሲሞት አላወቅኩም፤ ዓመት ቆይቶ አንድ ሹፌር ስለ እነዚህ ቆዳዎች ሲያወራ ሰማሁና ገባኝ። እናትህ ያኔ አልሞተችም ነበር። ሄጄ ልንገራት እያልኩ፣ ነገ እያልኩ…»

ንዴቱ ከእግሩ ተነስቶ መጣ። ያቺን ዓመት አሰበ፣ ከዚያ በኋላ የመጡትን ሃያ ሰባቱንም። እናቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ውሃ ከእጁ የተቀበለችባቸውን ቀኖች አሰበ። ተነስቶ ባልዲውን አነሳ፣ ጋሪው ድረስ ሄደ፣ እዚያ ቆመ።

«ዘይት እንዳይነካው ለሱ ነግሬው ነበር» አለ ጀርባውን እንደሰጣት። «ላንቺ መንገር አልመሰለኝም።»

«ማንም አልነገረኝም።»

«ልጅቷስ ምንድን ነው የምታውቀው?»

«አጎቷ እንዳሰረው።»

ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «አሁን ንገሪያት» አለ። «እኔ እዚህ ቆሜ።»

ልመና አልነበረም፤ እሷም እንደ ልመና አልሰማችውም። ልጇን ጠራቻት። ልጅቷ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች፣ አንዴ እናቷን፣ አንዴ አጎቷን አየች። አጎትየው እግሩ ሊያወጣው ፈለገ፤ እሱ ግን ቀረ። እትዬ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ በመዳፏ ጠቀለለችና ከሦስቱ ጠብታ ጀመረች።