አያ ፈንቴ በቁማቸው የተለቀሰላቸው ዕለት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኋትም፤ ለነፍስ አባቴም ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህችን ዘልያታለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ እንግዲያው ስሙኝ።

ደባርቅ ውስጥ ኮምፒውተር ስጎረጉር የምውል ሰው ነኝ። እድራችን የለቅሶና የስብሰባ ማስታወቂያውን በስልክ ላድርስ ብሎ ሲነሣ፣ ሥራውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሄድለስ ሲኤምኤስ ይሉታል። ነገሩ ቀላል ነው፤ ጽሑፉ አንድ ጎተራ ውስጥ ይቀመጣል፣ ድረ ገጹም፣ የስልኩ መተግበሪያም፣ አጭር መልእክቱም ከዚያው ይቀዳሉ። አንድ ጊዜ የጻፍሁት ሦስት ቦታ ሲበራ ያየሁ ዕለት፣ እውነቴን ነው፣ አማተብሁ።

ከእኔ በኋላ ለሚሠሩት በአማርኛ መመሪያ ጻፍሁና እሱንም እዚያው ጎተራ ውስጥ አኖርሁት። የሙያው ደንብ የታወቀ ነው፤ ለመለማመጃ የተለየ የሙከራ ጎተራ አለ፣ ምሳሌውም የእሱን ቁልፍ፣ ማለትም ወደ ጎተራው የሚያስገባውን የይለፍ ቃል፣ መያዝ አለበት። እኔ ሰነፍሁ። የእውነተኛውን ጎተራ ቁልፍ ለጠፍሁና ከሥሩ «ይህን እንዳለ ገልብጣችሁ ሞክሩ» አልሁ። ለምሳሌ የሚሆን ማስታወቂያ ቢጠፋኝ የጎረቤቴን ስም አስገባሁ፦ «አያ ፈንቴ ዐርፈዋል፤ ቀብር ነገ።» ለምን እሳቸውን? ስልኬን አስተካክልልኝ እያሉ በየማለዳው ስለሚነዘንዙኝ! እንዲህ ያለ ቀልድ አለ? መርዶ በሽማግሌ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ እንደሚነገር እኔ አጣሁት?

የሺ የምትባል ልጅ እግር እድሩ ቀጠረ። መመሪያዬን ከፍታ ልትለማመድ ተቀመጠች። እንዳለ ገለበጠችው። ላከችው።

በማግሥቱ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። ከዳባት በኩል፣ ከየጋራው፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሀገር ምድሩ ይጎርፍ ጀመር። ሴት ልጃቸው ከመካነ ብርሃን ያን ሁሉ ገደል ሌሊቱን በእግሯ አቋርጣ፣ ፊቷን ቧጥጣ፣ ደም በደም ሆና ደረሰች። አያ ፈንቴ ከበረት ወጥተው ደጃፋቸው ላይ ቆሙ። ልጃቸው ስታያቸው ወደቀች። እሷን አቅፈው ሕዝቡን ዙሪያውን ቃኙና፣ «ይኼ ሁሉ ሰው የኔ ኖሯል እንዴ?» አሉ። ይህን የሚያህል ነገር በእጄ እንደ ነበረ እስከዚያች ሰዓት አልገባኝም ነበር።

ታዲያ ምን አደረግሁ? እኔ ነኝ አልሁ? አላልሁም። የሺ ከመመሪያው ገለበጥሁ በማለቷ የእድሩ ዳኛ «መመሪያውን አምጡና እንየው» ሲሉ ሹልክ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ቁልፉን በሙከራው ቁልፍ ቀየርሁ፣ ስሙን «እገሌ» አደረግሁት። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ በሁሉም ስልክ ላይ ታረመ። ሽማግሎቹ ሲከፍቱት ንጹሕ ነበር።

«ምን አድርገውሽ ነው በቁማቸው የገደልሻቸው?» አሏት። የሺ አነበበች፣ ደግማ አነበበች። «እኔ ያየሁት እንዲህ አልነበረም» አለችና ወደ እኔ ዞረች። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ከሥራ አባረሯት፤ ዛሪማ ወርዳ ሱቅ ተቀጠረች።

ዘንድሮ ገበያ መሀል አገኘችኝ። «ጋሼ፣ መመሪያዎን ሳላስተውል አንብቤ ስምዎን አስነሣሁ። ሳላውቅ ነውና ይቅር ይበሉኝ» ብላ ጎንበስ አለች። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትሁ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ልጄ» አልኋት።

አመስግናኝ ሄደች። በደለኛው እኔ፣ ይቅር ባዩም እኔ! ስለዚህ እናንተን ፍቱኝ አልላችሁም፤ መፍታት የእሷ ነው። ዛሪማ በመኪና ቅርብ ናት። እስከ ዛሬ አልወረድሁም።