ያልተሰቀለው መጋረጃ

የያዙኝ መሰላል ላይ ሆኜ ነው። ሞጣ ውስጥ ለአንድ ሠርግ በተጣለ ዳስ በር ላይ ባነር እያሰርሁ ነበር። ከታች "ውረድ" ሲሉኝ ሠራተኛዬ መስሎኝ "ቆይ፣ ይቺን ቋጠሮ ልጨርስ" አልሁ። ጨርሼ ስወርድ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ቋጠሮዬን እስክጨርስ ስለጠበቁኝ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ፤ ባነሩ ሠርጉ እስኪያልቅ አልወደቀም አሉ።

ባነሩ ላይ የጻፍሁት "ስንጠብቅህ ኖርን፤ እንኳን ገባህ" የሚል ነው። ሙሽራው ሩቅ አገር ሠርቶ የመጣ ልጅ ነበር፤ ሙሽሪት አራት ዓመት ጠብቃዋለች። ቢቸና ወሰዱኝ። መርማሪው የቅኔ አገር ሰው ሆነብኝ።

"ሰሙ ሙሽራው ነው፤ እሱ ገብቶኛል" አለኝ። "ወርቁን ንገረኝ። የምትጠብቁት ማንን ነው?"

"ወርቅ የለውም። ሰም ብቻ ነው።"

ሳቀ። በእኛ አገር ወርቅ የለውም ብሎ የሚምል ሰው ይበልጥ ይጠረጠራል። እንደዚያ ሆኜ መጋዘን ገባሁ።

መጋዘን ያልሁት እስረኛ የሚታጎርበት የድሮ የእህል ማከማቻ ነው። በሩን እንዳለፍሁ የጤፍ ብናኝ አፍንጫዬን ሞላውና አስነጠሰኝ። ከጨለማው ውስጥ ብዙ ድምፅ ባንድ ላይ "ይማርህ" አለኝ። ሰላምታችን ይኸው ነበር።

የጣራው ቆርቆሮ በአሮጌ የምስማር ቀዳዳ ተበሳስቷል። ረፋድ ላይ ፀሐይ በየቀዳዳው ሾልካ ወለሉ ላይ፣ ጋቢ ላይ፣ በተኛ ሰው ጀርባ ላይ ክብ ክብ ብርሃን ትጥላለች። ብርሃኖቹ ደግሞ አይቆሙም፤ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። ጠዋት ጉልበቴ ላይ የነበረው ከምሳ በኋላ ጎረቤቴ ጢም ላይ ይደርሳል። እኔ ዲኮር ሠሪ ነኝ፤ ባዶ አዳራሽ ሳይ እጄን ይበላኛል። ተጋድሜ መጋዘኑን በሐሳቤ አስጌጠው ጀመር። ከጣራው ብረት ነጭ ሳቲን አወርዳለሁ፤ ቀጥ ብሎ እንዳይወርድ መሐሉን ላላ አደርገዋለሁ። ከማዶ ግድግዳ የሙሽሮቹን ወንበር አስቀምጣለሁ፤ አልወደውምና አነሣዋለሁ። በሩ ሲከፈት ሁሉም ይጠፋል፤ ሲዘጋ ካቆምሁበት እቀጥላለሁ። ስንት ቀን እንዲህ እንዳለፈ አላውቅም። የትኛውን ነቅቼ፣ የትኛውን ተኝቼ እንደሠራሁት አሁንም ይምታታብኛል።

ከጎኔ የሚተኙት ሽማግሌ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ ነበር የምንላቸው። ለሥራዬ ሳቲን የምገዛው ከእሳቸው ሱቅ ስለነበር እንተዋወቃለን። ለምን እንደታሰሩ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አያውቁትም። የሚያንገበግባቸው ሌላ ነበር። ትልቋ ልጃቸው ልትዳር ቀን ተቆርጦ ሳለ በእሳቸው መታሰር ሠርጉ ተራዘመ። ሁለተኛ ከተራዘመ የወንዱ ወገን ነገሩ ይቅር ብሎ ልኳል። በእነሱ ሥርዓት ኒካው የሚታሰረው አባት ሲድር ነው፤ አባት መገኘት ካልቻለ በምስክር ፊት ሰው ይወክላል። ወንድማቸው ሊወከሉ፣ ሼሁና ምስክሮቹም ቅዳሜ በጥየቃ ሰዓት ሊመጡ ተስማምተዋል። እንቢ ያሉት ሐጂ ናቸው።

"ቃሉን አልሰጥም" አሉኝ።

"ለምን ሐጂ?"

"የምንጠየቅበትን ቦታ ታውቀው የለም?"

አውቀዋለሁ። ጠያቂ ከገመድ ወዲያ ይቆማል፤ እስረኛ ከገመድ ወዲህ፣ ዝገት በበላውና ሰው ሲሸናበት በኖረ የቆርቆሮ ግድግዳ ሥር።

"ልጅቷም አብራ ልምጣ ብላለች" አሉ። "ሠርጌ ባለች ቁጥር ያ ግድግዳ ሊመጣባት ነው። አባቴ እዚያ ሥር ቆሞ ዳረኝ ልትል ነው። ከዚያ ይቅርባት።"

ሳላስበው "ግድግዳውን ለእኔ ይተዉት" አልሁ።

"በምን ልትሸፍነው?"

ከወዲያ በኩል የሚተኛው ከጉንደ ወይን የመጣ ረጅም ገበሬ ነበር። "በቅኔ ነዋ" አለ። "እዚህ ያመጣው እሱ አይደል?"

ሐጂ ሳይወዱ ሳቁ። በምን እንደምሸፍነው ግን እኔም አላውቅም ነበር። እያሰብሁ ከሥሬ የተነጠፈውን ባዶ ማዳበሪያ፣ ያንን ነጭ የፕላስቲክ ጆንያ፣ ጫፉን ስነካካ አንድ ክር እጄ ላይ ቀረ። ሳብሁት። ስስ ነጭ ጥብጣብ ሆኖ ሳይበጠስ መጣልኝ። ከብርሃኑ ሥር ባደርሰው አብረቀረቀ። ሳቲን አይደለም፤ ግን ሳቲን ለመምሰል ፈቃደኛ ነው።

ሁለት ቀን ተረተርን። መጀመሪያ እኔና ገበሬው ነበርን፤ ከዚያ አንድ አስተማሪ መጣ፤ ከዚያ ሁሉም። ነገ በምን ላይ ልንተኛ ነው ያለ አልነበረም። በመጋዘኑ ውስጥ የሚሰማው የመተርተር ድምፅና አልፎ አልፎ የሰው ወሬ ብቻ ሆነ። እጅ ሲሠራ አፍ ይፈታል፤ ሲጠየቅ ያልመለሰ ሰው ሳይጠየቅ ስለ ልጁ ያወራል። መቀስ የለንም፤ በጥርስ ነው የምንቆርጠው። እኔ ደግሞ ከብስኩት መጠቅለያ ብርማውን ፊት ወደ ውጭ እያደረግሁ ትንንሽ አበባ አጠፍሁ። አምሮብኛል ብዬ ነበር።

ሐጂ አንዷን አንሥተው አገላበጧት። "አበባውን ተወው ልጄ። ቲያትር ያስመስለዋል።"

ተናደድሁ። ስንት ዓመት ስሠራ አበባዬን የነካብኝ ደንበኛ የለም። ፊቴን አዙሬ ተኛሁ። ስነሣ ደግሜ አየሁት፤ ልክ ናቸው። አበቦቹን ነቅዬ ነጩን ብቻ ተውሁት።

ክሩን ጥቅጥቅ አድርገን የመጥረጊያ እጀታ ላይ ቋጠርነው። ጨርሰን ገበሬው እጀታውን ከፍ ሲያደርገው በጣራው የሚገባው ብርሃን ሁሉ እየተንቀጠቀጠ በክሮቹ ላይ ወረደ፤ ከኋላው ያሉት ሰዎች በውሃ ውስጥ የሚታዩ መሰሉ። ያን ጊዜ የት እንዳለሁ ረሳሁ። አንድ ሰው ቀስ ብሎ "እሰይ" ሲል ነው የነቃሁት። ሐጂ እጃቸውን ሰደው እንደ ነጋዴነታቸው በሁለት ጣት ዳሰሱት።

"ይምጡ በሏቸው" አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት መጋረጃውን ጠቅልለን ስንወጣ ጥበቃው አሥር አለቃ አስቆመን። "ግድግዳ ላይ ምንም አይሰቀልም። ትእዛዝ ነው።"

ከገመዱ ወዲያ ሼሁ፣ ወንድማቸውና ሁለቱ ምስክሮች ቆመዋል፤ ከኋላቸው ልጅቷ። ሐጂ በር ላይ ሆነው ሰሙ። ወደ ውስጥ ሊመለሱ ዞሩ። ፊታቸውን ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

ገበሬው ወደ አሥር አለቃው ጠጋ አለ። "አይሰቀልም ነው ያሉን፣ ጌታዬ?"

"አይሰቀልም።"

"መልካም።" የእጀታውን አንድ ጫፍ ያዘና ወደ እኔ ዞረ። "ና ያዝ። አይሰቀል አሉ እንጂ አይያዝ አላሉም።"

አሥር አለቃውም ያገሩ ልጅ ነው፤ በቃል ሲረታ ያውቃል። "ጥየቃው እስኪያልቅ ብቻ" ብሎ ፊቱን አዞረ።

እጀታውን ከራሳችን በላይ አንሥተን ከግድግዳው ፊት ቆምን። ገበሬው ረጅም ነውና እንዳያጋድል እኔ በእግሬ ጣት ነው የቆምሁት። ሐጂ መጥተው ከመሐላችን ገቡ። ኮፍያቸውን አስተካከሉ፤ የሸሚዛቸውን የላይኛ ቁልፍ ቆለፉ። ንፋስ ነበር፤ ነጩ ክር እየተነሣ ትከሻቸውን ይነካል። ከዝገቱ የሚታይ አልነበረም።

"ሐጂ፣ ልጅዎን እንዲድሩልዎ ወንድምዎን ወክለዋል?" አሉ ሼሁ።

ሐጂ የልጃቸውን ስም ከነአባቷ ጠሩ። "ወክያለሁ።" ድምፃቸው ሱቃቸው ውስጥ የማውቀው ድምፅ ነበር።

ምስክሮቹ "ሰምተናል" አሉ። ሼሁ ዱዓ ጀመሩ፤ ዱዓው ረዘመ። ክንዴ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከዚያ ክንዴ የእኔ መሆኑ ቀረ። ሌሎቹ አሚን ባሉ ቁጥር ማተብ ያሰረው ገበሬ ከማዶዬ አሜን ይላል።

ሲያልቅ ልጅቷ ወደ ገመዱ ጠጋ ብላ "አባ፣ አምሮብሃል" አለች።

ሐጂ ሲያለቅሱ እኔም አለቀስሁ፤ እንባዬን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም።

ጥየቃው ሲያልቅ አሥር አለቃው መጋረጃውን ተቀብሎን ሄደ። የት እንዳደረሰው አልሰማሁም። እኛ ያን ሰሞን ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተኛን።

እኔን ክስ ሳይመሠርቱ እንደያዙኝ ምክንያቱን ሳይነግሩ ፈቱኝ። ሐጂም ወጥተዋል፤ ሱቃቸው እሄዳለሁ፣ ስለዚያች ቅዳሜ አንሥተን አናውቅም። አልዋሽም፣ አሁንም እናደዳለሁ፤ የወሰዱብኝን ወራት የመለሰልኝ የለም። ሥራዬን ግን ቀጥያለሁ። ደንበኛ ሲመጣ ስልኩን አውጥቶ የሙሽሮች ወንበር ፎቶ ያሳየኛል። አይቼ "አባትየው የሚቆሙት የት ነው?" እለዋለሁ።

ግራ ይገባዋል። "አባትየውማ የትም ይቆማሉ" ይለኛል።

"የትም አይቆሙም" እለዋለሁ፤ ሜትሬን አውጥቼ ከእሳቸው ቦታ መለካት እጀምራለሁ።