በደሴቷ ኤርፖርት ተቀምጦ መለካት

የአሳማ ጉንፋን ዓለምን ባስጨነቀበት ዓመት፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለትንንሽ ደሴት አገሮች የኤርፖርት ጤና ምርመራ በሚያደራጅ አነስተኛ ቢሮ እሠራ ነበር። አለቃዬ በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ለረጅም ዘመን ያገለገሉ ነርስ ነበሩ። የእኔ ሥራ መንገደኛው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ማቀድ ነው። በሰልፍ አምናለሁ፤ ሰልፍ የሚያፈርስ ሰው ያናድደኛል።

የአንዲት ደሴት አገር የጤና ሹም ሊያማክረን መጣ። በአገሩ ኤርፖርት መንገደኛው ሁሉ ትኩሳቱ እስኪለካ ፀሐይ ላይ ይቆማል። የልብ ድካም ያለባቸው እናቱ ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን ታክመው በሚቀጥለው ሳምንት ሊመለሱ ነው። እዚያ ሰልፍ ላይ እንዳይወድቁበት መፍራቱን ሳይደብቅ ነገረን።

ቅዳሜ እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ የአንድ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተውሰን፣ ምእመናኑን መንገደኛ አድርገን ሙከራ ጀመርን። ወለሉ ላይ በቴፕ መስመር አስምሬአለሁ። ምን ዋጋ አለው፣ አንድ ሽማግሌ ብቅ ሲሉ ሰልፈኛው በሙሉ «ኖር» ብሎ ቦታ ለቀቀ። እሳቸው «በእግዜር» ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ቀጥሎ አንዲት እናት መጡ፤ ያው ሆነ። የተለካው ካልተለካው ተደባለቀ። ደሜ ፈላና ጮህኩ።

አለቃዬ ሳቁብኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው ከተረቱብኝ በኋላ ወደ ጓዳው አመለከቱኝ።

«ላይኑን ካንስል አድርጊውና ወንበር አውጪ። ድግስ ቤት እንግዳ እጁን ለመታጠብ ይሰለፋል እንዴ? ውሃው ነው የሚዞርለት።»

ወንበሮቹን ደረደርን። ሰዉ ተቀመጠ፤ የቢሮአችን ነርሶች እንደ እጅ አስታጣቢ ከታላቅ ጀምረው ዞሩ፤ ለተለካው ደረቱ ላይ ስቲከር ለጠፉለት። ማንም አልተነሳም፣ ማንም አልተደባለቀም። ሙከራውን ሊያይ የመጣው ሹም ኤርፖርታቸው ወንበር ባይኖረው የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያውሳቸው ነገረን። እኔ አለቃዬን አየሁና ኮራሁባቸው። ያን ሁሉ ዘመን በየድግሱ እጄን ስታጠብ ኖሬ፣ እንዲህ ያለ ሐሳብ በአእምሮዬ አልፎ አያውቅም።

እናቱ በተመለሱ ማግስት ሹሙ ደወለ፤ አለቃዬ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረጉት። እናቱ ጥላ ሥር በወንበር ተቀምጠው ነበር። ነርሷ ስትደርስ ግን እናቱ «ከጎኔ ያሉት አዛውንት ይበልጡኛልና እሳቸው ሳይለኩ አልለካም» ብለው አስቸገሩ አለን።

«አሁንስ የት ናቸው?» አሉ አለቃዬ።

«ቤት ናቸው» አለ፤ «ምሳ እየበሉ ነው።»