በአሥራ አራትና በአሥራ ስድስት ቁጥር መካከል ያለው ግድግዳ

ወይዘሮ ዶሪን ኦልድሮይድ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ማንቆርቆሪያውን ይጥዱና ወደ ሳሎን ይገባሉ። መቆስቆሻውን አንሥተው የእሳት ምድጃውን ጀርባ ሁለት ጊዜ ይመታሉ። ኳ፣ ኳ። ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ትንሽ ይቆማሉ። ውሃው ሲፈላ መቆስቆሻውን ቦታው ይመልሱና ሻያቸውን ለመቅዳት ይሄዳሉ።

ፎቅ ላይ ያለችውን ክፍል ከእሳቸው ከተከራየሁ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ከግድግዳው ማዶ ሁለት ምት ይመለስ ነበር።

እኛ ሰሜን እንግሊዝ፣ ሃሊፋክስ ውስጥ የምንኖርበት መንገድ ቤቶቹ ከዳር እስከ ዳር ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ናቸው። አንዱ ቤት ሰው ሲያስነጥስ ከጎረቤት «ይማርህ» ይባላል። ወይዘሮ ዶሪን በአሥራ አራት ቁጥር፣ ጓደኛቸው ዊኒ በአሥራ ስድስት ቁጥር አርባ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ኖረዋል። ሁለት ምት «ተነሥቻለሁ፣ ደህና ነኝ» ነው። ሦስት ምት «ነይ» ነው። የወይዘሮ ዶሪን ምጥ የመጣ ቀን ሦስት ተመትቷል። የዊኒ ባል ክሊፎርድ የሞተ ቀንም ሦስት ተመትቷል።

ክሊፎርድ የአውቶቡስ ጋራዥ ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ጊዜ ከጋራዡ የተረፈ ክሬም ቀለም በበርሜል አመጡና ቤቱን ከኮርኒሱ እስከ ሽንት ቤቱ ቀቡት። ቀለሙ ሲያረጅ ሌላ በርሜል ያመጣሉ።

«አውቶቡስ ውስጥ እኮ ነው የምኖረው» ይሉ ነበር ዊኒ። «የቀረኝ ትኬት ቆራጭ ብቻ ነው።»

«ሰውዬው ከሞተ ስድስት ዓመቱ! ለምን አትቀቢውም ታዲያ?» ይሏቸዋል ወይዘሮ ዶሪን።

«ገና አልመረጥኩማ።»

ዊኒ የሚፈልጉት ቢጫ ወጥ ቤት ነበር። ቀለም ቤቶች በነፃ የሚሰጧቸውን የናሙና ካርዶች እየሰበሰቡ በብስኩት ቆርቆሮ ያስቀምጣሉ። አዲስ ካርድ ባገኙ ቁጥር ግድግዳውን ሦስት ይመታሉ። ወይዘሮ ዶሪን የያዙትን ጥለው ይሮጣሉ፤ ሲደርሱ ዊኒ ሁለት ካርድ ይዘው መስኮት ሥር ቆመዋል።

«ሁለቱም ቢጫ ነው፣ አንቺ ሴትዮ! ልቤን አቆምሽው እኮ!»

«ደህና አድርገሽ እዪው። ይሄኛው ይስቃል።»

ባለፈው የካቲት ዊኒ አንድ ጠዋት ወጥ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው፣ ሞተው ተገኙ። ቆርቆሮው ለወይዘሮ ዶሪን ደረሰ። መቆስቆሻው ግን አልቆመም፤ በየጠዋቱ ለባዶው ቤት ሁለት ጊዜ ይመታል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆሜ ሳያቸው ደነገጡ። «እዚያ ማዶ ሲያስተጋባ አንድ ሰው ያለ ይመስላል» አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ። ከዊኒ የቀራቸው ያ ድምፅ ነበር።

ቤቱን ሮዛሊንድ የምትባል የቫዮሊን አስተማሪ ገዛችው። እድሳቱ እስኪያልቅ የምታድረው ሌላ ቦታ ነበር። በግንቦት አንድ ቀን ፀጉሯ አቧራ ለብሶ በራችንን አንኳኳች።

«ወይዘሮ ዶሪን፣ ይቅርታ፣ ቤቱ ዱሮ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው? እንዳላበላሸው ፈርቼ ነው።»

ወይዘሮ ዶሪን ገብተው ቆርቆሮውን አምጥተው ሰጧት።

በጥቅምት ሁለታችንንም ጠራችን። መግቢያው እንደ ጥድ ቅጠል አረንጓዴ ሆኗል። ከፕላስቲኩ ምንጣፍ ሥር ተቀብሮ የኖረው የመቶ ዓመት ቀይና ሰማያዊ ሸክላ ንጣፍ ታጥቦ ወጥቷል። የጣሪያው የጂፕሰም አበባ ከክሊፎርድ ክሬም ቀለም በጥርስ ብሩሽ ተፍቆ ቅጠሉ ሳይቀር ይቆጠራል። ወጥ ቤቱ ቢጫ ነው። ዊኒ ከካርዱ ጀርባ በእርሳስ «ይሄ» ብለው የጻፉበት ቢጫ።

ወይዘሮ ዶሪን ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቀሩ። ቆይተው ግድግዳውን በአንድ ጣት ነኩት።

«ይስቃል» አሉ።

ሮዛሊንድ ሳሎን ወስዳ የእሳት ምድጃውን አሳየችን። በእኛና በእሷ መካከል ያለው ግድግዳ እሱ ነው።

«ይኸው ስንት ወር በመዶሻ አሠቃየሁዎት፤ አሁን ደግሞ ቫዮሊን ሊመጣ ነው። ስለዚህ ሰኞ ይሄን ግድግዳ በሙሉ ድምፅ በሚያፍን ሰሌዳ አስሸፍነዋለሁ። ኮሽታ አይሰሙም። ቅር ካላለዎት ነው ታዲያ።»

እንድትተወው አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ወይዘሮ ዶሪንን አየኋቸው።

«ኧረ ምን ቅር ይለኛል፣ የኔ ልጅ። ግድግዳሽ ነው።»

በእኛ መንገድ ሰው ሲከፋው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የኮቱን ቁልፍ ይቆልፋል። እሳቸው እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ሮዛሊንድ ግን የደቡብ እንግሊዝ ልጅ ናት፤ ይሄን አታውቅም፤ ደስ ብሏት አቀፈቻቸው።

ቤት እንደገባን አላስችል አለኝ። «ለምን አልነገሯትም? ብታውቅ እኮ አታደርገውም። ልሂድና ልንገራት?»

«ትንፍሽ እንዳትይ!»

እንዲህ ተቆጥተውኝ አያውቁም።

ሰኞ ቀኑን ሙሉ መሰርሰሪያ ሲጮህ ዋለ። ማክሰኞ አንድ ሰዓት ላይ ማንቆርቆሪያው ተጣደ፤ መቆስቆሻው ተነሣ። ድምፁ ፍራሽ እንደመምታት ሆነ። ወይዘሮ ዶሪን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆሙ። ውሃው ፈላ። እሳቸው ግን ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። ሄጄ መቆስቆሻውን ከእጃቸው ወሰድኩ።

«ይሻላል» አሉ። «እንዲህ ዝም ቢል ይሻላል። እኔ ያን ድምፅ መስማት አይገባኝም።»

ከዚያ ነገሩኝ። ስለ እሳቸውና ስለ ዊኒ እንደምጽፍ ያውቃሉ። «የክሊፎርድን በርሜል ጻፊ፤ ይስቃል ሰው። ቢጫውንም ጻፊው። ይቺን ብቻ ተያት» አሉኝ።

በየካቲት፣ ዊኒ በወደቁበት ጠዋት፣ ግድግዳው ሦስት ጊዜ ተመትቶ ነበር። ወይዘሮ ዶሪን «ደግሞ ሌላ ቢጫ ነው» ብለው አሰቡ፤ ማንቆርቆሪያውም ሊፈላ ነበር። በመሄድ ፈንታ መቆስቆሻውን አነሡና ሁለት መቱ።